አምላክ ያልቀመሰው ፓያሳም

የኢራቪ ራስ ከሚፈላው ወተት ውስጥ ሲወጣ የቀኝ ጉንጩ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። ማጅራቱ ላይ የረጅሙ የነሐስ ጭልፋ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። ሠላሳ ዓመት ለአምላኩ ለክሪሽና ፓያሳም የተባለውን የወተትና የሩዝ ጣፋጭ ያፈላው ሽማግሌ፣ የበሰለው ሩዝ ቅንድቡ ላይ ተለጥፎ፣ በቤተ መቅደሱ ማብሰያ ቤት ወለል ላይ ተዘርግቷል።

ያወጣው እንጨት ፈላጩ ቻቱ ነው። ቻቱ በትውልዱ ‹ዝቅ ያለ› ስለሚባል እዚያ ቤት መግባት አይፈቀድለትም ነበር። እጁ ላይ ደም ያዩት ሰዎች ታዲያ ምንም አልጠየቁም። ኢንስፔክተር ሱባድራ ስትደርስ ከግቢው የማንጎ ዛፍ ጋር አስረውት፣ አፉን በቡጢ አድምተው፣ ግራ ክንዱን ሰብረውት፣ የገመዱ ርዝመት ለመስቀያ ይበቃል አይበቃም እያሉ ሲከራከሩ አገኘቻቸው።

«ፍቱት» አለች።

«ገዳዩን?» አለ የቤተ መቅደሱ አስተዳዳሪ አቹታን። «ትናንት ሽማግሌው ‹እርጥብ እንጨት አመጣህብኝ› ብሎ ሰድቦታል እኮ!»

«ጋሽ አቹታን፣ ሰው ስለተሰደበ የሚገድል ቢሆን እርስዎ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ሬሳዎ በተቃጠለ ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ቻቱ አጠገብ አቆመችና ወደ ማብሰያ ቤቱ ገባች። ሟቹ አፉንና አፍንጫውን የሸፈነበት ጨርቅ እንደታሰረ ነው። ከምድጃው ጥግ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራች ትንሽ ማንኪያ ወድቃለች። ሆዷ ውስጥ ፓያሳም ደርቆባታል፤ ጠርዟ ግን በምላስ ተልሶ ጸድቷል።

«ምን አየህ?» አለችው ቻቱን ተመልሳ ወጥታ።

«ምንም አላየሁ፣ እመቤቴ። ወተቱ ሲያር ሸተተኝ። ጋሽ ኢራቪ አንድ ቀን አሳርሮ አያውቅም። ብጣራ ዝም። ገባሁና… ፊቱ ድስቱ ውስጥ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«የአበባው ሥርዓት ደወል ከተደወለ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። አስረውኝም ቢሆን ይዘውኝ ይሂዱ። እዚህ ከተዉኝ አላድርም።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ኒላካንታን የመቅደሱ ካህን ነው። ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የታችኛው ከንፈሩ ውሃ ቋጥሯል።

«ከንፈርህን ምን ነካው?»

«ጠዋት ሻይ አቃጠለኝ።»

«አጎትህ ጋ ገብተህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። ሆዴን አሞኝ እዚሁ ነበርኩ። የአበባውን ሥርዓት እንኳ ሌላው ካህን ራጋቫን ነው ተክቶኝ የገባው።»

አበባ የምትጎነጉነው አሮጊት ፓሩ ግን ወሬ አልቆጠበችም።

«እሱ? አምላኩን የሚፈራ ልጅ ነው! አምና ትኩሳት እያንቀጠቀጠው እንኳ ገብቷል። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ። አበባውን ስሰጠው ‹አትንኪኝ፣ ለራጋቫን ስጪው› ብሎ ጮኸብኝ። ከመቅደሱ ደጃፍ እልፍ አላለም።»

«እማማ፣ ሻይ ይወዳል?»

«ከቀትሩ መባ በፊት? ልጄ፣ ጿሚ ሰው እኮ ነው! ውሃ እንኳ ባፉ አይዞርም።»

ሱባድራ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ለአምላክ የሚሰናዳውን መቅመስ ቀርቶ ማሽተትም ክልክል ነው» አለች። «ኢራቪ አፉን እንደሸፈነ ሞቷል። ታዲያ ማንኪያዋን ማን ላሳት?»

«ቻቱ ነዋ!» አለ አቹታን።

«የቻቱን አፍ ያፈረሰው የእናንተ ቡጢ ነው እንጂ ትኩስ ወተት አይደለም። ከንፈሩ የተቃጠለ አንድ ሰው ብቻ አለ። ሻይ ነው አለኝ፤ እስከ ቀትር ውሃ የማይቀምሰው ሰው።»

ኒላካንታን ብድግ አለ። «እሺ፣ ጾሜን ፈታሁ! ጾም መፍታት ነፍስ ማጥፋት ነው?»

«አይደለም። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተውህ ነበር። ግን ዘመድ የሞተበት ሰው ዐሥር ቀን መቅደስ አይገባም፣ ሌላ ሰውም አይነካም። ይህን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ደወሉ ሲደወል ደጃፉን አላለፍክም። እማማ ፓሩን አትንኪኝ አልካት። ሆዱን ያመመው ሰው የአሮጊት እጅ አይፈራም። የአጎትህ ሬሳ የተገኘው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው። በዚያች ሰዓት የማንን ሞት ነበር የሰማኸው?»

ኒላካንታን ወደ መቅደሱ በር አየ።

«እንደዚያ ረክሼ አምላኩ ፊት መግባት አልቻልኩም» አለ። «ጾሙ አቅቶኝ በየቀኑ እቀምስ ነበር። ዛሬ አጎቴ ደረሰብኝ። ‹አምላኩን ስንት ቀን ትራፊህን አበላኸው?› እያለ በጭልፋው ጀርባዬን ቀጠቀጠኝ። ቀትር ላይ በሰው ሁሉ ፊት ሊያጋልጠኝ ማለ። ጭልፋውን ቀማሁት… መጀመሪያ ዝም እንዲል ብቻ ነበር።»

«ድስቱ ውስጥስ ለምን ደፈቅከው?»

«ይተነፍስ ነበር።»

ቻቱ የታሰረበትን ገመድ ከመሬት ያነሳ ሰው ነበር። ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ኒላካንታን ተንጋጋ። ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። ሱባድራ ወደ ሰማይ ስትተኩስ ነው የቆሙት። ፖሊሶቹ ደሙ አንገቱ ላይ እየወረደ ጎትተው መኪና ውስጥ አስገቡት።

አቹታን ጉሮሮውን ጠረገ። «በል ቻቱ፣ ያለፈው አለፈ። ቤትህ ሂድና እረፍ። እንጨቱን ነገ ትፈልጣለህ።»

«በየትኛው እጄ?» አለ ቻቱ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ሱባድራ የማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

«ማን ነው የሰበረህ?»

ቻቱ የከበቡትን ፊቶች አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ጎረቤቶቹ ናቸው። ነገም ውሃ የሚቀዳው ከእነሱ ጋር ነው።

«ያሰሩኝ ብዙ ናቸው፤ አልቆጥራቸውም» አለ። «ክንዴን በአካፋ የመታኝ ግን ጋሽ አቹታን ነው።»

«ቅጥፈት ነው!» አለ አስተዳዳሪው። ዙሪያውን ቢያይ የሚያግዘው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ይግቡ፣ ጋሽ አቹታን» አለች ሱባድራ የመኪናውን በር ይዛ። «ለሁለት ሰው ቦታ አለው።»