ሁለቴ ምረጪ

ለሜሳ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቀለም ክፍል፣ ቁጥር ሁለት ሞተር ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ሞቷል። ቀኝ መዳፉን ኤሌክትሪክ አቃጥሎታል። ኢንስፔክተር ዱጉማ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ የሺዋስ ከኋላው ቆመው ያስጨነቃቸውን ነገር ነገሩት፤ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ገዢ እንግዶች ስለሚመጡ ሬሳው ቶሎ ቢነሳ ይወዳሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገላቸው ኤሌክትሪሺያን መሬት ላይ ወድቆ ሰውየው ስለ እንግዳ ያወራሉ። ዱጉማ ቀና ብሎም አላያቸውም።

ጥፋተኛዋ ከእሱ መምጣት በፊት ተመርጣ ነበር። በፋብሪካው አንድ ሞተር ሊፈታ ሲል ኤሌክትሪሺያኑ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይደውላል። እዚያ ያለችው አቻምየለሽ ኮምፒውተሩ ላይ ከአንድ ዝርዝር ክፍሉን ትመርጣለች፤ ከሥሩ ከሚመጣው ሌላ ዝርዝር የሞተሩን ቁጥር ትመርጥና «አጥፋ» የሚለውን ትጫናለች። ጠዋት ለሜሳ «ቀለም ሁለትን አጥፊልኝ» ብሎ ደወለ። መዝገቡ ግን «ሽመና፣ ሞተር 2፣ ጠፍቷል» ይላል። የቀለም ሁለት ሞተር ከትናንት ጀምሮ ተበላሽቶ የቆመ ስለሆነ፣ ኃይል ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም። ኃይል መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የለሜሳ መፈተሻ ከተሰበረ ወር አልፎታል፤ ምትክ እንዲገዛለት የጻፈው ማመልከቻ አቶ የሺዋስ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

«ልጅቷ ዝንጉ ናት» አለ የሲስተም ኃላፊው ብሩህ።

ሞተር የሚመረጥበትን የኮምፒውተር ቅጽ ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው እሱ ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ሦስት ጊዜ ተናገረ። ለዱጉማ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አድርጎ አስረዳው። ዝርዝሩ ላይ ምርጫ ሲቀየር ገጹ ሰርቨር ወደሚባለው ዋና ኮምፒውተር ይላካል፤ ሰርቨሩ ምን እንደተመረጠ አንብቦ የዚያን ክፍል ሞተሮች ይመልሳል። «ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ተጠቃሚው ነው» ብሎ ፈገግ አለ። ሰው በሞተ ቀን ፈገግታ ከየት እንደሚገኝ እሱ ያውቃል።

አቻምየለሽ ቤቷ የአሥር ወር ሕፃን አላት፤ አሁን ግን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች። በመስኮቱ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የሚወስደው መንገድ ይታያል፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ቀለምን መርጫለሁ» አለች። «እንደ ሁልጊዜው ነው ያደረግኩት።»

ዱጉማ «እንደ ሁልጊዜው» የምትለዋን ያዘ። ከዚያ አቧራ የለበሰውን የኮምፒውተር ስክሪን አየ። ከላዩ መዳፍ የምታህል ቦታ ንጹሕ ናት፤ ጠርዟ ላይ የፕላስተር ሙጫ ቀርቷል። የስድስት ወር መዝገብ አሳትሞ ከለሜሳ የሥራ ደብተር ጋር ሲያስተያይ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ሰርቨሩ ያለበት ክፍልም ገብቶ ወጣ። ከዚያ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ደብተሩ ቀለም አራት ሲል መዝገቡ ፈትል አራት ይላል» አለ። «ደብተሩ ሽመና አንድ ሲል መዝገቡ ቀለም አንድ። ስድስት ወር ሙሉ ክፍሉ ገጥሞ አያውቅም። ለሜሳ ግን በየቀኑ በሰላም ቤቱ ገብቷል። ታዲያ ዛሬ ለምን ሞተ? እህቴ፣ ቀለም ሁለትን እንደ ሁልጊዜው አጥፊልኝ።»

አቻምየለሽ ቀለምን መረጠች፤ ወዲያው ደግሞ ሽመናን። ከመጣው ዝርዝር ሁለት ቁጥርን መርጣ ተጫነች። የሽመናው አለቃ ሰቦቃ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ቁጥር ሁለት ሞተራቸው እንደ ጠዋቱ ድንገት መቆሙን በምሬት ተናገሩ።

«ለምን ሁለቴ መረጥሽ?»

«አንዴ ሲመረጥ አይሠራማ። የምትፈልጊውን፣ ቀጥሎ ሌላ ማንኛውንም ምረጪ ተብዬ ነው። ወረቀቱ እዚህ ተለጥፎ ነበር።»

ዱጉማ ወደ ብሩህ ዞረ። የዚህ ሊቅ ፕሮግራም ምርጫ ሲቀየር አዲሱን ሳይሆን የቀድሞውን ያነብ እንደነበር አስረዳ። ዝርዝሩ ሁሌም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስለሚቀር ቀለም፣ ቀጥሎ ሽመና ሲባል የሚመጡት የቀለም ሞተሮች ነበሩ። የሁሉም ክፍል ዝርዝር ከአንድ እስከ አራት ስለሆነ አይቶ መለየት አይቻልም። ብሩህ ግን የፕሮግራሙን ፋይል ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርሞታል፤ ለእንግዶቹ ሊታይ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሽመና ሲባል የሚመጣው ሽመና ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የጠፋው ሽመና ሁለት ሲሆን ቀለም ሁለት ኃይል እንደያዘ ቀርቷል።

«ከስክሪኑ ላይ የነቀልከውን ወረቀት አውጣ። ኪስህን።»

ብሩህ ከሸሚዝ ኪሱ ሙጫ ያለበት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ሁለቴ ምረጪ» የሚለው ጽሑፍ የራሱ ነው።

«ስህተት ማረም ወንጀል ሆነ?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ማረምህ አይደለም። ለምን አልነገርካትም?»

«ስድስት ወር ተሳስቼ ነበር ልበላት? ለእሷ?»

አቶ የሺዋስ እንኳ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ። ዱጉማ ወረቀቱን በፖስታ ካሸገ በኋላ፣ በመንገድ ላይ ስለ መፈተሻው ማመልከቻ እንዲያጫውቱት ሥራ አስኪያጁንም ከብሩህ ጋር ወደ መኪናው ጋበዛቸው።

ፖሊሶቹ ከአቻምየለሽ አጠገብ ተነሱ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ጠፋ ወይ? ብሎኝ ነበር» አለች ስልኩን እያየች። «ጠፍቷል፣ ግባ አልኩት።»

ዱጉማ «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ» አላትና በሩን ከፍቶ ጠበቃት።