ሱክራን ማን ይያዛት

ክኒኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተተፍቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ድመቷ ሱክራ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷ ብቻ ወጥቶ፣ ሰርክአዲስን በቢጫ ዓይኖቿ ታፈጥጥባታለች።

ኤደን በሩን ተደግፋ ታያቸዋለች። የእሷ ተራ ገና ነው። መጀመሪያ እናቷ ሰርክአዲስ የድመቷን አፍ ፈልቅቃ ክኒኑን ታስውጣታለች፤ ከዚያ ኤደን ሰርዲን ይዛ መጥታ ታባብላለች። ሥራው እንዲህ የተከፋፈለው በጾሙ ምክንያት ነበር። ሰርክአዲስ በሁዳዴ ዓሣ በእጇ መንካት አትወድም።

«ያላ፣ ሱክራ፣ ዋጪው» አለች እናቷ በደከመ ድምፅ።

በአራተኛው ዋጠች። ከፎጣው ስትለቀቅ የሰርክአዲስን ክንድ ቧጥጣ አልጋ ሥር ገባች። ኤደን ተንበርክካ ሰርዲኑን በጣቷ ጫፍ ስትዘረጋላት ግን ወዲያው ወጣች፤ በልታ ሲበቃት ጭኗ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እውነቱን ለመናገር፣ ኤደን ይሄ ደስ ይላታል። ከእናቷ ጋር ተኳርፈዋል፤ በዚህች አንዲት ክፍል ውስጥ ከእሷ ወገን የቆመች ድመቷ ብቻ ናት።

ኩርፊያው የመጣው ከከሻው፣ ከፖሊስ አፈሳው፣ በኋላ ነው። ፖሊሶች ካርቱም ቡሪ ሰፈር ውስጥ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸውን ሲያፍሱ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ስትመለስ የነበረችውን ሰርክአዲስንም ጭነው ወሰዷት። ኤደን ስልክ እየደወለች፣ መልስ እያጣች፣ ብቻዋን አደረች። እናቷ በማግስቱ ተለቅቃ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ ስለ እስሩም አላወራችም። ጎንደር ላለችው እህቷ ለሙላቷ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ለኤደን ነገረቻት፦ ኤደን ዓርብ ወደ መተማ ከሚሄዱ የሰፈር ሰዎች ጋር ትሄዳለች፤ አክስቷ ዘንድ ትማራለች። ሰርክአዲስ ግን እዚሁ ሠርታ ትልካለች።

ኤደን ካርቱም ተወልዳ ካርቱም አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። ጎንደርን የምታውቀው በስልክ ነው፤ አማርኛዋም አረብኛ እየገባበት ይሰናከላል። ለመነች፤ ጮኸች፤ በመጨረሻ «አልወድሽም» አለች። እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«እንቢ» ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

ሱክራን ውሻ የነከሳት በዚያው ሰሞን ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ተውፊቅ የእግሯን ቁስል አጥቦ ክኒኑን ሲሰጣቸው አጥብቆ አስጠነቀቃቸው። ጧትና ማታ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ። ካቋረጡት ቁስሉ ወደ አጥንቷ ይገባል፤ ልትሞትም ትችላለች። መጀመሪያ ሰርዲን ውስጥ ደበቁላት። ሰርዲኑን ጨርሳ፣ ክኒኑን ልሳ አጽድታ፣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ፎጣው የመጣው።

ማክሰኞ ከሰዓት ኤደን ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቷ ከሥራ ገብታ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች፤ ባዶ መዳፏን ወደ አልጋው ሥር ዘርግታ ሱክራን በቀስታ ትጠራለች። ከአልጋው ሥር ግን የሚሰማው የድመቷ ቁጣ ብቻ ነው።

«እውነትሽን ነው» አለቻት ሰርክአዲስ ድመቷን። «ክኒኑ ሐሙስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምንቀረው። ያኔ እንኳ ታረቂኝ።»

ኤደን ዳቦውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እስከዛሬ ዓርብን ስታስብ የሚታያት አውቶቡሱ፣ ድንበሩና የማታውቃቸው የአክስቷ ልጆች ነበሩ። ከዓርብ በኋላ ይህች ክፍል ምን እንደምትመስል አንድም ቀን አላሰበችም። እናቷ ከሥራ ገብታ በሩን ስትከፍት የሚጠብቃት ኮቴዋን ሰምቶ የሚሸሽ ነገር ብቻ ነው። ተናደደችም፤ አሁንም ቢሆን መሄድ አትፈልግማ።

አመሻሽ ላይ የክኒኑ ሰዓት ደረሰ። እናቷ ፎጣውን ስታነሳ ኤደን ከእጇ ተቀበለቻት።

«እኔ ልያዛት። አንቺ ሰርዲኑን ስጫት።»

ሰርክአዲስ የሰርዲኑን ቆርቆሮ፣ ከዚያ ልጇን አየች። «ትጠላሻለች እኮ።»

«ትጥላኝ» አለች ኤደን። «እኔ ዓርብ እሄዳለሁ።»

እሄዳለሁ ብላ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰርክአዲስ ቆርቆሮውን መክፈት ጀመረች።

ኤደን ስትጠራት ሱክራ እንደ ልማዷ ጭራዋን አቁማ መጣች፤ ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነበር። ፎጣው ሲጠቀለልባት አልታገለችም እንኳ፤ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻት። ኤደን መንጋጋዋን በጣቶቿ ፈልቅቃ ክኒኑን ወደ ውስጥ ገፋችውና አፏን ገጥማ ያዘች። ድመቷ የነቃችው ያኔ ነው። አንድ እግሯን ከፎጣው አውጥታ የኤደንን አንጓ ሞነጨረችው። ድመቷ እስክትውጥ ድረስ ኤደን አልለቀቀቻትም።

ሰርክአዲስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ዘይት የሚንጠባጠብ ሰርዲን በጾመኛ ጣቶቿ ይዛ ጠበቀች። ሱክራ አልጋው ሥር ሆና ብዙ አመነታች። በኋላ ወጣች፤ ኤደንን ራቅ ብላ ዞራት አለፈችና ወደ ሰርክአዲስ እጅ ሄደች።

«በላችልኝ» አለች ሰርክአዲስ።

«ነገም እኔ ነኝ የምይዛት» አለች ኤደን። «ሐሙስም።»

የሚደማ አንጓዋን በቀሚሷ ጠቅልላ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ስሟን ብትጠራት ድመቷ ምናልባት ትመጣ ነበር። አልጠራቻትም።