የግራ እግሩ ልክ

አጎቴ ሱቅ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ደንበኛው «ልክ ነው» ስላለ ብቻ ጫማ አይሸጥለትም። አውራ ጣትሽን ጫማው አፍንጫ ላይ ጫን ታደርጊና የእግሩ ጣት የት እንደደረሰ ራስሽ ታረጋግጫለሽ፤ ተረከዙ እንዳይነሳም ከኋላ ትይዢያለሽ። «ሰው ስለ እግሩ ይዋሻል» ይሉ ነበር አጎቴ፤ «ሴቷ አሳንሳ፣ ወንዱ እንደ ፍላጎቱ።» ስድስት ዓመት ሙሉ ሕጉን ጠብቄያለሁ። የጣስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም የአንድ ልጅ ፊት ሳይ እግሩን ስለረሳሁ ነው።

ጓደኞቹ ሽቦ ይሉታል። ረጅምና ቀጭን ብስክሌተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ገባ።

«የብስክሌት ጫማ ፈልጌ ነበር። አርባ አንድ።»

«ማን ነው አርባ አንድ ያለህ?»

«እግሬ ነዋ!»

«እስኪ ለኔም ይንገረኝ። መለኪያው ላይ ቁም።»

ሳቀ፤ ቆመም። ቀኙ አርባ ሁለት፣ ግራው ደግሞ ለአርባ ሦስት ትንሽ የቀረው ሆነ።

«በትልቁ እግር ነው የሚገዛው» አልኩት።

«ይሰፋኛል። ጫማ ጥብቅ ካላለ ጉልበት ይባክናል፤ አሰልጣኛችን እንደዛ ነው የሚሉት።»

«አሰልጣኝህ ያንተን እግር አልያዙም። ስትጋልብ እግርህ ያብጣል። ከጣትህ ፊት የግማሽ አውራ ጣት ያህል ቦታ ካልቀረ ይደነዝዝሃል።»

ይደነዝዝሃል ስል ፈገግታው ጠፋ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አርባ ሦስቱን አድርጌለት፣ ማሰሪያውን አጥብቄ፣ ጥግ ላይ ለመለኪያ ባቆምነው ብስክሌት ላይ አስወጣሁት። አሥር ደቂቃ ያህል ረገጠ። ማየት የነበረብኝ ተረከዙን ነበር። እኔ ግን ጆሮው ሥር የሚወርደውን ላብ ሳይ፣ እሱም እያየሁት መሆኑን አውቆ እንዳላወቀ ሲሆን፣ ሥራዬን ከነጭራሹ ረሳሁት።

«እንዴት ነው?»

«ልክ ነው። በልኬ የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

ሲያወልቅ ከግራው ጫማ አፍንጫ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ወደቀ። አዲስ ጫማ ቅርጹ እንዳይበላሽ የሚጠቀጠቅበት ወረቀት ነው፤ ሳላወጣው ረስቼው ኖሯል። እንቁላል ያክላል። ካልሲውን ሳወልቅለት አውራ ጣቱ ተጣጥፎ ቀልቷል፣ ጥፍሩ ሥር ደም ቋጥሯል።

በሐፍረት ሞትኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ቀና ስል ግን ከኔ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን አልቆረቆረህም?»

ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም።

«ግራ እግሬ አይሰማኝም» አለ በመጨረሻ። «አምና ወድቄ ወገቤን ከተመታሁ ጀምሮ ከቁርጭምጭሚቴ በታች የሌላ ሰው እግር ነው። ሐኪሙ ነርቭ ነው ብሎኛል። እባክሽ ለማንም እንዳትናገሪ። አሰልጣኙ ከሰሙ አልቆልኛል።»

ከሁለት ወር በኋላ ለዋናው ቡድን የሚመረጡት የሚለዩበት ውድድር ነበር። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሲጠብቃት የኖራት ቀን ናት። ከዚያ በላይ ዕድሜው አይፈቅድለትም።

አልናገርም አልኩት። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፤ በየቀኑ ከልምምድ ሲወጣ መጥቶ እግሩን ያሳየኛል። እሱ ካልተሰማው እኔ አይለታለሁ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ሌሎች ሴቶች ፍቅረኛቸው ምን ዓይነት አበባ እንዳመጣላቸው ያወራሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ውኃ መቋጠርና ስለ ጥፍር ነው። በየምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በርከክ ብዬ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አያለሁ። አጎቴ ከመደርደሪያው ኋላ ሆነው ያጉረመርማሉ።

«ይሄ ልጅ ስንት ጫማ ነው የሚለካው?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ። እግሩ ነው አስቸጋሪው።»

«እግሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር» ይላሉ፤ ግን ወንበሩን ለሌላ ሰው አይሰጡበትም።

አንድ ቀን ግራ እግሩን በሁለት እጄ ይዤ ሳለ «አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ምንም። ይዤሃለሁ።»

«ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው» አለ። «ስትይዢኝ የማላውቀው ነገር።»

እግሩን ለቅቄ እጁን ያዝኩት። ለዋናው ቡድን ከተመረጠ አጎቴን አነጋግሮ እንደሚያገባኝ የነገረኝ የዚያን ዕለት ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው እሱ ያለበት ቡድን ለልምምድ ለሦስት ቀን ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። እዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ጫማ ታደለ። ለሽቦ አርባ አንድ ደረሰው፤ መዝገብ ላይ ያስጻፈው አሮጌ ቁጥሩ ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት ይጮህ ነበር። እሱ «ልክ ነው» አለ፤ ሦስት ቀን ጋለበበት።

ሲመለስ ካልሲውን ሳላወልቅ ሽታው ቀደመኝ። ከትንሿ ጣቱ ሥር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ቁስል ነበር፤ ዙሪያው አብጦ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቷል። ፊቱ በትኩሳት ነዷል፤ ጉንፋን ነው ይላል። እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ አጠበች፣ ሐኪሙም አየውና ሁለታችንንም በየተራ ተመለከተን።

«ቁስሉ አጥንት ሊነካ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል መተኛት አለብህ። በዚህ እግር ብስክሌት ከወጣህ እግሩን ታጣዋለህ።»

ሽቦ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ቆም አለና ትከሻዬን ያዘኝ።

«ነገ ጠዋት ነው ውድድሩ። ከነገ በኋላ ቢፈልጉ ይቁረጡት።»

«አብደሃል?»

«ለኔ ምንም የማይሰማ እግር ነው! አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁት ለነገ ነው። ማይልኝ። እንደማትናገሪ ማይልኝ።»

እያለቀስኩ ማልኩለት። ግንባሬን ሳመኝና ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከውድድሩ መነሻ ደረስኩ። አሰልጣኙ ጎማ እየነኩ ይዘዋወሩ ነበር። ሽቦ ከሩቅ አየኝና እጁን አወዛወዘልኝ፤ ላበረታታው የመጣሁ መስሎት ነው። ያቺን የተወዛወዘች እጅ እስክሞት አልረሳትም።

«ጋሼ፣ የሽቦን ግራ ጫማ ያስወልቁት» አልኳቸው አሰልጣኙን።

«ምን ሆኖ? ጠቦሃል ወይ ብዬ ጠይቄው ልክ ነው ብሎኛል።»

«እግሩ አይሰማውም። አንድ ዓመት ሆነው። ጫማውን ብቻ ያስወልቁት።»

እያመነቱ ሄደው አጠገቡ ተንበረከኩ። ጫማው ሲወልቅ ፋሻው በደምና በመግል ርሶ ነበር። አሰልጣኙ አልጮሁም። ብስክሌቱን ከእጁ ወስደው ለሌላ ሰው ሰጡ። ሽቦ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ አላየም፤ ወደ እኔ ነበር የሚያየው።

«ምለሽልኝ ነበር» አለኝ መኪና ውስጥ ሲያስገቡት። ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሰማሁት ቃል የለም።

አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ሁለት ጣት ተቆረጠበት፤ እግሩ ግን ተረፈ። ይህን የሰማሁት ከእህቱ ነው፤ በየቀኑ ሄጄ በየቀኑ ከበሩ የምትመልሰኝ እሷ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ቀን «እባክሽ አትምጪ» አለችኝ፤ «አንቺ በመጣሽ ቁጥር ምግብ አይበላም።» በእጄ የነበረውን ብርቱካን ሰጥቻት ተመለስኩ። አጎቴ የዚያን ቀን ሱቁን ራሳቸው ዘጉ።

ቃሌን በመብላቴ ተጸጽቼ አላውቅም። ማታ ማታ ግን ያቺ የተወዛወዘች እጅ ትመጣብኛለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት አንድ ፋርማሲ በር ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አየሁት። ትንሽ ወፍሯል፤ ሽቦ የሚለው ስም አሁን አይሆነውም። ልጠራው አፌን ስከፍት ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ጥላቻ ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልሞክርም። ፊቱን አዙሮ፣ መኪና መምጣቱን እንኳ ሳያይ፣ ከኔ ለመሸሽ እግሬ አውጪኝ አለ። ትንሽ ያነክሳል፤ ቢሆንም መንገዱን ተሻግሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ በሁለት እግሩ ሮጠ።

ልቤ ተሰበረ። ልቤ እየተሰበረ ደግሞ ሳቅ አመለጠኝ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። አጠገቤ የቆሙ እናት ክንዴን ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረገሽ ሰውየው?»

«አዩት አይደል፣ እማማ?» አልኳቸው። «ሮጠ እኮ።»