ከወሽመላው ዛፍ የተፈታው ጨርቅ

የሰፈራችንን የመንገድ ዛፎች ይንከባከቡ የነበሩት አትክልተኛ ሞት ለባለቤታቸው በተነገረ ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ዛሬ የመንገዱን ዛፎች የምትንከባከበው ወጣት ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልለወጠችም። ልጆች፣ ይህ ታሪክ የእሷ ነው።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁሉም «ችኩሊት» ይሏታል። ከዳቦ ጋጋሪ እናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ትኖር ነበር። ደጃቸው ላይ ለጌጥ የተተከሉ የወሽመላ ዛፎች ተሰልፈዋል። ፍሬያቸው ሲበስል ቢጫ ነው፤ ይጣፍጣል።

አትክልተኛው ልጆችን ከፍሬው አይከለክሉም ነበር። የማታውቁትን አትቅመሱ፣ የምታውቁትን እጠቡ፣ ዘሩን ትፉ ይሏቸዋል። የተባይ መድኃኒት የረጩበትን ዛፍ ደግሞ ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩበታል። ራሳቸው እስኪፈቱት ድረስ ያንን ዛፍ የሚነካ የለም። በእሳቸው ዘመን ከመንገድ ዛፍ በልቶ የታመመ ልጅ አልነበረም። ባለቤታቸው ይህን ስትናገር አንገቷ ቀና ይል ነበር፤ ዛሬም ይላል።

አንድ ቀን ጓደኞቿ የችኩሊትን ፀጉር የወፍ ጎጆ ብለው ሳቁባት። ወደ ቤቷ ስትመለስ አንዱ ዛፍ ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ አየች። ዛፍ እንደሆነ ፀጉሩ አይንጨባረርበት ብላ ፈታችውና ፀጉሯን አሰረችበት። አልዋሻችሁም፣ አምሮባታል።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ቧንቧው ሥር ወሽመላ ሲያጥብ አገኘችው። ክው አለች።

«ከየትኛው ዛፍ ነው?»

«ከዚያኛው። ጨርቅ እንደሌለው አይቻለሁ» አላት ኮራ ብሎ።

ገና አልቀመሰም ነበር፤ ከእጁ ነጠቀችው። ጓደኞቹ ግን ኪሳቸውን ሞልተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እነሱ ግን ይበላሉ።

እየሮጠች አትክልተኛው ቤት ደረሰች። ከሥራ ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

«አባባ፣ ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለች። የሆነውንም ሁሉ ነገረቻቸው።

ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። በየደጁ አብረው ሄዱ። የሚያንኳኩት እሳቸው፣ የምትናገረው እሷ ነበረች። የመጨረሻው ልጅ ልጦ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ደረሱበት። እናቱ በጣም ተናደደች፤ ለእንዲህ ያለች ልጅ አለንጋ ነው መድኃኒቷ አለች።

አትክልተኛው እጃቸውን የችኩሊት ትከሻ ላይ አሳርፈው ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ጥፋትስ አጥፍታለች፤ ነገ ከእኔ ጋር ውሃ እያመላለሰች ትክሳለች። ግን ልጄ፣ ጥፋቱን ይዞ እንዲህ በየደጁ የሚቆም ስንት ትልቅ ሰው ታውቂያለሽ?»

ሴትየዋ ፍሬውን ከልጇ እጅ ወስዳ ጣለችው። ማታ አትክልተኛው ይህን ለባለቤታቸው ሲያወሩ የገዛ ልጃቸውን የዳሩ ይመስሉ ነበር።

ልጆች፣ ጥፋታችሁን ሳይረፍድ ብትናገሩ ሌላውንም ራሳችሁንም ታድናላችሁ። በሉ አሁን ተነሡና ለአትክልተኛው ነፍስ ጸልዩ፤ እግዚአብሔር በገነት ጥላ ሥር ያሳርፋቸው።