ብርድ የማይችለው መንጠቆ

የእቶን ቤቱን አለቃ ከወደቀበት የብረት ቅርጫት ስር አውጥተው ሸራ አልብሰውታል። ቅርጫቱን በክሬን ያነሳችው ታናሽ እህቱ በካቴና ታስራ ጥግ ቆማለች። ፖሊሶቹ ፍርዱን ጨርሰው መርማሪዋን የጠሯት ለፊርማ ያህል ነበር። እሷ ደግሞ ሳታይ የምትፈርም ሴት አልነበረችም።

መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠየቀች፤ ቅርጫቱን የምትጭነው እሷ ናት።

«ከባድ ነበር?»

«ግማሽ እንኳ አልሞላም። እህቱ ናት መንጭቃ ያነሳችው።»

«ሆን ብላ?»

«ምን አውቅላታለሁ። ባሌ ቤትም ሥራ ቦታም የሚሰማው እህቱን ነበር። እኔማ የቤት ዕቃ ነበርኩ።»

ቀጥሎ ምክትሉ ቀረበ፤ ሟቹን ከጽዳት ሥራ አንስቶ ለሙያ ያበቃው ሽበታም ሰው።

«ሲወድቅ አይተዋል?»

«በዓይኔ በብረቱ። ቅርጫቱ የተሰቀለበት መንጠቆ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና ተበጠሰ። እንዲያ ከመነጨቁት አዲስ መንጠቆስ ምን ይሁን?»

«አለቅነቱ ለእርስዎ ይገባ ነበር ይላሉ።»

«ይበሉ። ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ደስ ይለኛል እንጂ።»

ደስ ያለው ሰው ጥርሱን እንዲያ አይነክስም።

መርማሪዋ የተሰበረውን መንጠቆ አገላበጠች። ያብለጨልጫል፤ ሞረድ በማይገባበት ጉብጠቱ ውስጥ ግን ጥቁር ቅርፊት ቀርቷል። ወደ ክሬን ነጂዋ ጠጋ አለች።

«እቶኑ ጎን የተሰቀሉት ጥቁር መንጠቆዎች ምንድን ናቸው?»

«ያረጁ ናቸው። እንደጋሉ ብቻ ነው የምናነሳባቸው። ከቀዘቀዙ ማንም ሸክም አይሰቅልባቸውም፤ የቤቱ ሕግ ነው።»

«ዛሬስ?»

«እቶኑ ገና አልተለኮሰም ነበር። ከአዲሶቹ ነው ያነሳሁት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰብስባ አንድ አዲስና አንድ ጥቁር መንጠቆ በብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አሳሰረች። አዲሱን በመዶሻ ስትመታው ተጣመመ። ጥቁሩ እንደ ሸክላ ተሰበረ።

«ቅይጡ አንድ ነው» አለች። «እሳት ውስጥ ብዙ የኖረው ግን ይደርቃል። ሲግል ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ሳይታጠፍ ይሰበራል። አለቃውን የገደለው መንጠቆ ቅንጣት አልተለጠጠም፤ አሮጌ ነው። አንድ ሰው ሞርዶ አስውቦ ከአዲሶቹ ጋር ሰቀለው። አለቃው ቅርጫቱን ከስር ሆኖ በእጁ እንደሚያቀናም ያውቃል።»

«እሷስ ብትሆን?» አለች ሚስት።

«የሞረደው ሰው አዲስ ነው ብለን እንድናምን ይፈልጋል። አዲስ ደግሞ ተለጥጦ ነው የሚበጠሰው፤ ስለዚህ ሲለጠጥ አየሁ ይላል።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ያልተለጠጠውን ሲለጠጥ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የተሰበረውን መንጠቆ አንስቶ ጉብጠቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እኔ አስተምሬው፣ በእኔ ወንበር ተቀምጦ፣ ‹እንዲህ ቢያደርጉት ይሻላል› ይለኛል» አለ። «ደግሞ ልክ ነበር። እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ። ሚስት ወደ ባሏ እህት ራመድ አለች።

«እኔ እኮ…»

«ዞር በይልኝ» አለች ልጅቷ፣ አንጓዋን እያሻሸች። «ወንድሜን ገና አላለቀስኩትም።»