በግራ ደረት የተሰኩ ሜዳሊያዎች

አልዊን ፔታርድ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ኮቱ ተቆልፏል፤ የአባቱ ሦስት ሜዳሊያዎችም በግራ ደረቱ ላይ ተደርድረዋል። ላየው ሰው ለሚያዝያው የዘማቾች ሰልፍ ሲቸኩል እግሩ የከዳው ሽማግሌ ይመስላል። ሐኪሙም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አንገቱ ተሰብሮ እንደሞተ ተናግሮ ሄደ። መርማሪዋ ሳጅን ሞይራ ኬኔሊ ግን ጉልበቷን እየረገመች አጠገቡ ተንበረከከች። ጡረታዋ አራት ወር ቀርቶታል፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያው በራሱ ጊዜ ወድቆ ቢሞትላት ምን ነበረበት።

ኮቱን ፈታችው። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ አንድ ቁልፉ ከነጨርቁ ተገንጥሏል። ያንን ቁልፍ ቀደም ሲል ከደረጃው አናት ላይ አንስታዋለች። ከዚያ የኮቱን ደረት በጣቷ ዳበሰች። በቀኝ በኩል ጨርቁ በመርፌ ብዛት ተበሳስቶ ሳስቷል፤ በግራ በኩል ግን ካሁኑ መርፌ በቀር ምንም አልነካውም።

ቀና ስትል በመስኮቱ የከተማው ሰው ወደ ሰልፉ ሲተም አየች። ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን ሜዳሊያ በግራ ሰክተዋል። ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ የሞቱባቸውን በቀኝ አድርገዋል። ሞይራም በልጅነቷ የአያቷን በቀኟ ሰክታ ተሰልፋለች።

ጠዋት ቤቱ አካባቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟቹ ልጅ ሮዌና ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ትናንት ሜዳሊያዎቹን ዘንድሮ እኔ ላድርጋቸው ብላ ከአባቷ ጋር መጨቃጨቋን ራሷ አልደበቀችም። የዘማቾች አዳራሽ ጸሐፊ ግሌኒስ የንግግሩን ወረቀት ልትወስድ መጥታ የከፈተላት እንዳልነበረ ትናገራለች። አልዊን የቤተሰቡን የውትድርና ታሪክ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሞ፣ ያገኘውን ዛሬ ቀትር ላይ ሊናገር ነበር። ሦስተኛው አብሮት የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ደስሞንድ ነው። ደስሞንድ ራሱ ቬትናም ዘምቷል፤ አንድ ልጁ ኒል ደግሞ አፍጋኒስታን ቀርቶበታል። አትክልት ቦታ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም አለ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አላት ቀጥሎ። «ሜዳሊያዎቹን እንዳታወልቁበት። አብረውት ይቀበሩ።»

«አጎቴ፣ ምን ነካህ?» አለች ሮዌና። «የአያቴ እኮ ናቸው። ሜዳሊያ የሚቀብር ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

ሞይራ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ሜዳሊያዎቹን ነቅላ የንባብ መነጽሯን አጠለቀችና ጠርዛቸው ላይ የተቀረጸውን የወታደር ቁጥርና ስም አነበበች። የአልዊንን ማኅደርም ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ገጽ በገጽ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አልዊን ሲወድቅ ኮት አልለበሰም ነበር» አለች። «ለብሶ ቢሆን የተጨመደደውና የተቀደደው ኮቱ ነበር። ስለዚህ ኮቱን ከሞተ በኋላ ያለበሰው ሌላ ሰው ነው፤ ሜዳሊያዎቹን የሰካውም ያው ሰው።»

«ለመሆኑ እንዴት አወቅሽ?» አለች ግሌኒስ።

«አልዊን ሠላሳ ዓመት የአባቱን በቀኝ ነው የሰካው፤ ቀዳዳው ይመሰክራል። ሮዌናም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በቀኝ ነው የምታውቀው። አንቺ ደግሞ የከተማውን ልጅ ሁሉ ‹በቀኝ ነው፣ አንተ!› እያልሽ ነው ያሳደግሽው። ከመካከላችሁ በግራ መስካት የለመደ እጅ አንድ ብቻ ነው። ኮቱን አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ በጥድፊያ፣ ሃምሳ ዓመት ለራሱ እንዳደረገው አደረገ።»

የደስሞንድ እጅ ሳያውቀው ወደ ግራ ደረቱ ሄደ።

«እንዲቀበሩ የፈለጉበትም ምክንያት አለ» አለችው ሞይራ። «የተቀረጸው የአባታችሁ ስም አይደለም። ሲረል ቦይስ ይላል፤ አባታችሁ ዘምተውበታል ከተባለው ጦርነት በኋላ እናንተ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ዘመድ ሳይኖረው የሞተ ሰው ነው። አባታችሁ ዘመኑን ሁሉ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። አልዘመቱም።»

ሮዌና አፏን በእጇ ያዘች። ደስሞንድ አልካደም፤ ለመካድም አቅም ያለው አይመስልም።

«ኒል ለውትድርና የተመዘገበው እነዚያን ሜዳሊያዎች እያየ ነው» አለ። «‹አያቴ ዘመተ፣ አንተ ዘመትክ፣ እኔስ?› አለኝ። አልከለከልኩትም። ዛሬ ጠዋት አልዊን የሜዳሊያዎቹን ነገር ሲነግረኝ፣ በሰው ፊት ልጄ በውሸት ሞተ ሊል ነው አልኩ። ወረቀቱን ስጠኝ ብዬ ደረቱን ያዝኩት። ታገለኝ፤ ከእጄ አመለጠ። ሸሚዙ ተቀዶ ሰው እንዳያየው አለበስኩት። ወረቀቱን ምድጃ ከተትኩት።»

«አንብበውታል?»

«ምን ብዬ አነበዋለሁ? ያለውን አውቀዋለሁ።»

ሞይራ በጣም ደከማት። ከማኅደሩ ውስጥ ግልባጩን አውጥታ ለሮዌና ሰጠቻት። ሮዌና ጮክ ብላ አነበበች፤ «የቤታችን ዘማች ታሪክ የሚጀምረው ከወንድሜ ከደስሞንድ ነው። እሱና ኒል የማንንም ዱካ አልተከተሉም፤ ድፍረቱ የራሳቸው ነው። የቦይስን ሜዳሊያ ዛሬ አላደረግሁም፣ የኔ አይደለምና። ወንድሜ ከፈቀደልኝ የኒልን በቀኜ ሰክቼ እሰለፋለሁ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሞይራ ካቴናዋን አላወጣችም፤ የደስሞንድን ክንድ ብቻ ይዛ አስነሳችው። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ሮዌና ዞረ።

«የኒል ሜዳሊያ መኝታዬ አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው» አላት። «ለአባትሽ ስኪለት። በቀኝ በኩል።»