ለቡአ ሕመምተኛ ሁለት ደም ሰጪ

መምህር ቃለ ክርስቶስ መካነ ሰላም በሚገኝ አንድ የግል የቀዶ ሕክምና ማዕከል ቡአውን ሊያስወጣ ተኝቶ በዚያው አልጋ ላይ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር አስከሬኑን ስትመረምር ደረቱን ለሁለት የከፈለ አሮጌ ጠባሳ አየች።

«ሲወለድም ልቡ ችግር ነበረበት» አለች ባለቤቱ ሥርጉት። «በልጅነቱ አዲስ አበባ ቀደው ጠገኑት። እኛ ድኗል ብለን ነው የኖርነው።»

ማዕከሉን የሚመራው ዶክተር ኒቆዲሞስ፣ ነርስ ሀናን ማደንዘዣ አብዝታ ሰጥታዋለች ብሎ ስለከሰሳት ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ታስራለች።

«ልኩን ነው የሰጠሁት» አለች ሀናን። «ለእንዲህ ያለ ልብ ግን ልኩም ይበዛል። መርፌው የሚሰጠው በጀርባ ነው፤ ደረቱ ተሸፍኖ ነበር። ጠባሳውን ያየሁት ወግቼው ከተጋደመ በኋላ ነው። ዶክተሩ የሞላው የምርመራ ቅጽ ‹ልቡ ጤናማ› ይላል፤ አመንኩት።»

«አብሽሪ» አለቻት ኡሙልኸይር፤ ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«የልብ ሕመም እንዳለበት የነገረኝ የለም» አለ ዶክተሩ።

«ደረቱን መርምረውታል?»

«ትናንት ልብሱን አስወልቄ አዳመጥኩት። ፊርማዬ ቅጹ ላይ አለ።»

«ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነበር?»

«ምን ከባድ አለው? ሃያ ደቂቃ ነው። ደም እንኳ ብዙ አይፈስም።»

ግቢው ውስጥ የሟች ታላቅ ወንድም ወልደ ሚካኤል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«እኔና ባፈና የሚባለው ጎረቤታችን ደም ልንሰጥ ተጠርተን ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነን» አላት። «ባፈና ደግሞ መርፌ ሲያይ ይወድቃል። እሱን መጥራት ሌላ በሽተኛ መጨመር ነው።»

«ማን ጠራችሁ?»

«ዶክተሩ ራሱ። ትናንት ቃልዬን መርምሮ እንደወጣ ሁለት ደም ሰጪ አምጡ አለን።»

ኡሙልኸይር የማዕከሉን መዝገብ አገላብጣ ሰዎቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ሀናንም ከጣቢያ መጣች።

«ዶክተር፣ ልብሱን አስወልቀው ከነበረ የደረቱን ጠባሳ አይተዋል። ካላዩት ፊርማዎ ሐሰት ነው።»

ዶክተሩ ቃሉን ለወጠ። «ብርድ ስለነበር በሹራቡ ላይ ነው ያዳመጥኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለሃያ ደቂቃ ሥራ ደም ሰጪ ለምን ጠሩ? ዘንድሮ ሠላሳ ቡአ ቀደዋል፤ ለአንዱም አልጠሩም። ለእሱ የጠሩት ጠባሳውን አይተው ስለፈሩ ነው። ፍርሃትዎን ግን ለሀናንም ለእሱም አልነገሩም።»

ዶክተሩ መሬት መሬት እያየ፣ «ለቡአ ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ብልከው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አለ።

ሥርጉት ወደ ሀናን ዞረች። «ደሴ ቢሄድ ይተርፍ ነበር?»

«አልዋሽሽም፤ እዚያም አደጋ አለው። ግን የልብ ሐኪም አይቶት፣ አደጋውን ነግሮት፣ ቀዶ ሕክምና ልግባ ወይስ ይቅር የሚለውን ባልሽ ራሱ ይወስን ነበር።»

ኡሙልኸይር ለሀናን ስልኳንና መታወቂያዋን መልሳ፣ «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት። ሀናን ግን አልሄደችም፤ መጥታ ሥርጉት አጠገብ ተቀመጠች።